አንባቢው መጥቷል፣ መጽሐፉ አልደረሰም፦ በሐዋሳ የተከፈተ አንድ የግል መጻሕፍት መደብር የጉዳይ ጥናት

ከአዲስ አበባ ውጭ ስለሚከፈቱ መጻሕፍት መደብሮች ሲነሳ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ይቋጫል፤ ወይ የከፈተው ሰው «ለትውልድ የሚያስብ» ተብሎ ይወደሳል፣ ወይ ደግሞ «በዚህ ዘመን ማን ሊያነብ ነው» ተብሎ ይታዘንለታል። ሁለቱም ወገኖች መደብሩን እንደ ንግድ ቤት አያዩትም። ይህ ጥናት የሚመለከተው በሐዋሳ ከተማ በቅርቡ ሥራ የጀመረን አንድ አነስተኛ መደብር ነው። መደብሩ የየትኛውም የሃይማኖት ተቋም፣ የአሳታሚ ድርጅት ወይም የትምህርት ቤት ቅርንጫፍ ሳይሆን፣ ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት በነበሩ አንዲት ሴት ቁጠባና የዕቁብ ገንዘብ የተቋቋመ ነው። ባለቤቷ የእርሳቸውም ሆነ የመደብሩ ስም እንዳይጠቀስ በመፈለጋቸው እዚህ ላይ ባለቤቷ ተብለው ብቻ ይጠራሉ። በጉብኝቱ ወቅት መደርደሪያዎቹን ተመልክቻለሁ፣ በደንበኞችና በባለቤቷ መካከል የሚካሄደውን ንግግር ሰምቻለሁ፣ ፈቃዳቸው ሆኖም የግዥ ደረሰኞቻቸውንና ከጠረጴዛው መሳቢያ የማይለየውን አንድ ደብተር አገላብጫለሁ። ለማጣራት የሞከርኩት ጥያቄ ጠባብ ነው፦ መጽሐፍ ፈልጎ እዚህ ድረስ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከተማዋና የመጽሐፍ ገበያዋ

ሐዋሳን ትንሽ ከተማ ብሎ መጥራት ነዋሪዎቿን ያስቀይማል፤ ትክክልም አይደለም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቋ ዳር የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ለረጅም ጊዜ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መዲና ሆና ቆይታ፣ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመሠረተው የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ አዳዲስ ተማሪዎችን ያመጣል፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ከገጠር ቀበሌዎችና ከአነስተኛ ከተሞች ብዙ ወጣቶችን፣ በተለይም ሴቶችን ስቧል። በሰው ብዛትና በእንቅስቃሴ ትልቅ ከተማ ናት። በመጽሐፍ ገበያ ሚዛን ግን ትንሽ ናት፤ አንድ ሰው አዲስ የወጣ ልቦለድ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ሲያምረው አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ እስኪገኝ መጠበቅ ለብዙዎች የተለመደ ነገር ነው።

ይህ ማለት በከተማዋ መጽሐፍ አይሸጥም ማለት አይደለም። በቅዱስ ገብርኤል ካቴድራል አካባቢ የጸሎት መጻሕፍት ይሸጣሉ፤ በተለይ የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤል ንግሥ ከሩቅ ምእመናንን ስለሚያመጣ ሽያጩ ይደራል። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም የራሳቸው መሸጫዎች አሏቸው። የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች መማሪያና አጋዥ መጻሕፍት ይይዛሉ፤ መጽሐፍ አዟሪዎች ደግሞ ቁልሉን በክንዳቸው ታቅፈው ከካፌ ካፌ ይዞራሉ። ባለቤቷ መደብሩን ሲከፍቱ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር ላለመፎካከር ወስነው ነበር። ውሳኔው ግማሽ በግማሽ ብቻ ጸንቷል። የሃይማኖት መጽሐፍ አይዙም፤ አጋዥ መጻሕፍትን ግን መተው አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል የማለፊያውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ የወላጅ ጭንቀት ምን ያህል እንደሆነ መምህርት የነበሩ ሰው ያውቁታል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ የቤት ኪራዩን የሚከፍልላቸው አጋዥ መጽሐፍና ደብተር መሆኑንም አይሸሽጉም።

መደብሩ

መደብሩ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በሚገኝ የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ከአንድ መኖሪያ ግቢ ወደ ውጭ በር የተከፈተለት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ቀድሞ የልብስ ስፌት ቤት ነበር። በዋናው መንገድ ላይ ያሉ ቤቶች የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ ያን ያህል ገንዘብ ለቤት ከተከፈለ መደርደሪያው ባዶ ሊሆን ነው፤ ስለዚህ ባለቤቷ የመንገደኛን ዓይን ትተው መጽሐፉን መርጠዋል። ምርጫው ትክክል ይመስለኛል፤ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ጠይቆ ይመጣል፣ ባዶ መደርደሪያ ያየ ሰው ግን ሁለተኛ አይመለስም።

በሩ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው እስክሪብቶ፣ ደብተርና የሒሳብ መሥሪያ ሳጥን የተደረደረበት ባንኮኒ ነው። መጻሕፍቱ ከባንኮኒው ጀርባና በግራው ግድግዳ ላይ ናቸው። መደርደሪያው ከቺፑድ የተሠራ በመሆኑ መሐል መሐሉ በክብደት ጎብጧል፤ ከታች በእንጨት ተደግፏል። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀይና የብርቱካናማ ሽፋኖች ጀርባ ነጥቶ ነበር፤ አሁን ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መጋረጃ ይወርዳል፣ አምፖል ይበራል፣ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ የመጽሐፍ ርእስ የሚነበበው በስልክ ባትሪ ነው። አንድ ነገር ወደድኩ፤ ደንበኛ ከባንኮኒው አልፎ ገብቶ መጽሐፉን ራሱ ከመደርደሪያ እንዲያወርድ ይፈቀድለታል። በብዙ ከተሞች የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ልማድ ገዢው በጣቱ ጠቁሞ ሻጩ አውርዶ ማቀበሉ ነው፤ ሰው ደግሞ ሻጭ ፊት ቆሞ እየታየ ሁለት ገጽ ለማንበብ ያፍራል።

በግራው ግድግዳ ሥር፣ መሬት ላይ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት የሞሉበት ካርቶን አለ። ከውስጡ በደርግ ዘመን በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተሙ፣ የሽፋን ዋጋቸው ጥቂት ብር የሆነ ልቦለዶች፣ በሞስኮው ፕሮግሬስ አሳታሚ ወደ አማርኛ ተተርጉመው የታተሙ የፖለቲካ መጻሕፍት፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያረፈባቸው ቅጾች ይገኛሉ። ባለቤቷ ማኅተም ያለበትን መጽሐፍ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ካላዩበት አይገዙም። የቀሩትን ከሻጩ ላይ በኪሎ ሳይሆን አንድ በአንድ አይተው ነው የሚወስዱት። ጥንቃቄው ጊዜ ይበላል፤ ሆኖም በትንሽ ከተማ የመጽሐፍ ነጋዴ ስም በአንድ የተሰረቀ መጽሐፍ ሊበላሽ ይችላል።

የዋጋ ጉዳይ

በጉብኝቴ ወቅት ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ የመደብሩን አጣብቂኝ በግልጽ ያሳየኝ አንድ አጭር ክርክር ነው። በዕድሜ የገፉ አንድ ጡረተኛ ከመደርደሪያው የታሪክ መጽሐፍ አወረዱ፣ ጀርባውን ገለበጡና የተለጠፈችውን ትንሽ ነጭ ወረቀት በጥፍራቸው ላጥ አደረጓት። ከሥሯ የታተመው የሽፋን ዋጋ ብቅ አለ።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ 120 ብር ይላል፤ አንቺ ደግሞ 380 ብለሽ ለጥፈሻል። የቱን ልመን?»

«ጋሼ፣ ያ የታተመበት ጊዜ ዋጋ ነው። እኔ የገዛሁበትን ላሳይዎት» ብለው ባለቤቷ ከመሳቢያው ደረሰኝ አወጡ። የገዙት በ300 ብር ነበር።

ሽማግሌው ደረሰኙን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡ። «ታዲያ ለምን ሸፈንሽው? ሰርዘሽ በጎኑ ጻፊው እንጂ። ሲሸፈን የደበቅሽ ይመስላል።» መጽሐፉን ግን ገዙ። ባለቤቷም ከዚያ ወዲያ ወረቀት መለጠፉን ትተው በአሮጌው ዋጋ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር እየሳቡ አዲሱን ከጎኑ መጻፍ ጀምረዋል።

ከክርክሩ በስተጀርባ ያለው ነገር ሽማግሌውም ባለቤቷም የማያዙበት ነው። የማተሚያ ወረቀት፣ ቀለምና ፕሌት በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የኅትመት ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ቀደም ታትሞ በመጋዘን የቆየ መጽሐፍ እንኳ የሚተካው በአዲሱ ዋጋ መሆኑ ስለሚታወቅ አከፋፋዩ ዋጋውን ያስተካክላል፤ ሽፋኑ ላይ የታተመው ቁጥር ግን አብሮ አይለወጥም። ዘይትና ስኳር ትናንት ስንት እንደነበሩ በዕቃው ላይ ታትሞ አይቀርም። በመጽሐፍ ላይ ግን ይቀራል፣ ነጋዴውም ባልፈጠረው ጭማሪ ይጠየቅበታል።

የትርፉ ስሌት ራሱ ጠባብ ነው። ለምሳሌ ያህል 500 ብር የሚሸጥ መጽሐፍ ከአከፋፋይ በ25 በመቶ ቅናሽ ቢገዛ ለመደብሩ የሚተርፈው 125 ብር ነው፤ ከዚህ ላይ የመጓጓዣው፣ የኪራዩ፣ የመብራቱና የግብሩ ድርሻ ይነሳል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን መጽሐፉ ከተሸጠ ብቻ ነው። ካልተሸጠ 375 ብሩ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ አምስት ያልተሸጡ ቅጂዎች 1,875 ብር ያስራሉ ማለት ነው። ሌላ ንግድ ላይ ያልተሸጠ ዕቃ በቅናሽ ይወጣል። ባለቤቷም ይህን ሞክረው ነበር፤ ቅናሽ የተደረገበትን መጽሐፍ ያዩ ደንበኞች ሌላውም እንዲቀነስላቸው መጠበቅ ስለጀመሩ ተዉት።

መጽሐፉ እንዴት ይደርሳል

በአገራችን የመጽሐፍ ሥራ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ነው። በ1914 ዓ.ም. ከተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ጀምሮ አብዛኞቹ ታላላቅ ማተሚያ ቤቶች፣ አሳታሚዎቹና አከፋፋዮቹ እዚያው ናቸው። ብዙ ደራሲዎች በራሳቸው ገንዘብ ስለሚያሳትሙ አሳታሚውም፣ አስተዋዋቂውም፣ አንዳንዴም አከፋፋዩ ራሱ ደራሲው ነው። የታተመው ቅጂ መጀመሪያ በአዲስ አበባ መደብሮችና አዟሪዎች እጅ ይገባል፤ ወደ ክልል ከተማ የሚወርደው የተረፈው ወይም ከፍተኛ ስም ያተረፈው ነው።

የሐዋሳው መደብር ትዕዛዝ የሚሄደው በስልክ ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ በቅድሚያ ይላካል፤ መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ታስረው በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ይጫናሉ፤ ሹፌሩ ወይም ረዳቱ ሲደውል ባለቤቷ መናኸሪያ ሄደው በባጃጅ ያመጣሉ። በክረምት የማዳበሪያው ወገብ ውኃ ስቦ የገባ አንድ ጭነት አሳይተውኛል። የላይኞቹ መጻሕፍት ደህና ነበሩ፤ ከመሐል የነበሩት ገጾቻቸው እንደ ዳንቴል ጠርዝ ተሸብሽበዋል። አከፋፋዩ «ስጭን ደረቅ ነበር» አለ፣ ረዳቱ «እኔ የታሰረውን ነው የተቀበልኩት» አለ፣ ኪሳራው ባለቤቷ ላይ ቀረ። አሁን ላኪው በውስጥ በኩል ፕላስቲክ እንዲያደርግ ይጠይቃሉ፣ የፕላስቲኩንም ሒሳብ እርሳቸው ይከፍላሉ።

ከውኃው የባሰው ግን የግዥው ውል ነው። አከፋፋዮች ለአዲስ አበባ ነባር ደንበኞቻቸው መጽሐፍ በአደራ ይሰጣሉ፤ ተሽጦ ይከፈላል፣ ያልተሸጠው ይመለሳል። ለሐዋሳው መደብር የቀረበው ውል በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ የማይመለስ ነው። በዚያ ላይ ከአንድ ርእስ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ብቻ ለመላክ ፈቃደኛ አይደሉም፤ ቢያንስ አምስት፣ አንዳንዴም አሥር ውሰዱ ይላሉ። ከአከፋፋዩ አንጻር ነገሩ አይገርምም፤ አንድ ቅጂ ፈልጎ፣ አሽጎ፣ መናኸሪያ ድረስ ልኮ የሚያተርፈው ከሻይ ወጪ አይበልጥም። ውጤቱ ግን ባለቤቷ ደፍረው የሚያዙት አስቀድሞ እንደሚሸጥ የታወቀውን ብቻ መሆኑ ነው። እንግዳ ሰው መደርደሪያውን አይቶ «ያው እንደ ሌላው ቤት ነው» ሊል ይችላል። መደርደሪያው የሚያሳየው የባለቤቷን የንባብ ጣዕም ሳይሆን ይህን ውል ነው።

ውሉ የላላው በአካባቢው ደራሲዎች ዘንድ ነው። በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው አልጋ ሥር የቆለሉ የሐዋሳና የአጎራባች ከተሞች ጸሐፊዎች ሥራቸውን በአደራ ያስቀምጣሉ። ከእነዚህ መካከል ጥሩዎቹም ደካማዎቹም አሉ፤ ባለቤቷ ግን ሳያነቡ አይቀበሉም፣ የማይቀበሉበትንም ምክንያት ፊት ለፊት ይናገራሉ። በአንድ ከተማ እየኖሩ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም።

ደብተሩ

ባለ ጠንካራ ሽፋን፣ በእጅ የተሰመረ ባለ አራት ዓምድ ደብተር ነው፦ ቀን፣ የተጠየቀው መጽሐፍ፣ ስልክ፣ ውጤት። በመደብሩ ያልተገኘ መጽሐፍ በተጠየቀ ቁጥር ይመዘገባል። በውጤት ዓምድ ሥር «መጣ»፣ «ተሸጠ»፣ «አልቋል»፣ «አምስት ውሰዱ አሉ»፣ «ሰውየው ሳይመለስ ቀረ» የሚሉ አጫጭር ማስታወሻዎች ይነበባሉ። አንድ ርእስ በተለያየ ቀለም ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ጠያቂዋ እየተመላለሰች ስለጠየቀች ነው። ሌላው ጠያቂ ርእሱንም ደራሲውንም አያውቅም፤ የተመዘገበው «ቢጫ ሽፋን፣ ባቡር ጣቢያ ያለበት፣ በልጅነቱ ያነበበው» ተብሎ ነው። በውጤቱ ሥር «አባቱን ጠይቆ ይመጣል» ይላል።

ደብተሩን በጥሞና ላገላበጠ ሰው «አንባቢ የለም» የሚለው አባባል ያን ያህል አሳማኝ አይሆንም። ገጾቹ ሞልተዋል። ብዙ ጠያቂ ያላቸው ሥራዎች አዲስ የወጡትና በዩቲዩብና በቲክቶክ የተወራላቸው ብቻ አይደሉም፤ ብዛት ያላቸው ጥያቄዎች ዳግም ያልታተሙ የቆዩ ሥራዎችን የሚመለከቱ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው፣ መምህራን ለክፍላቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ደግሞ በወጣትነታቸው አንብበው ለልጆቻቸው ሊያወርሱ ይፈልጓቸዋል። የውጤቱ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ «አልቋል» ነው።

እዚህ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይመጣል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተሙ መማሪያ መጻሕፍት ለሁሉም ባለመድረሳቸው ብዙ ተማሪዎች ከቴሌግራም ያወረዱትን ፒዲኤፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው አሳትመዋል፤ ልማዱ ከመማሪያ መጽሐፍ አልፎ ወደ ልቦለድና ታሪክ ተሻግሯል። ደንበኞች ባለቤቷን «አንድ ቅጂ ካለዎት አባዝተው ይሽጡልን» እያሉ ይለምኗቸዋል። አይሠሩትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጽሐፍን አባዝቶ መሸጥን የሚከለክል ሲሆን፣ የጥበቃው ዘመን ደራሲው በሕይወት ያለበትንና ካረፈ በኋላ ያሉትን 50 ዓመታት ያጠቃልላል። በዚህ ስሌት በ1931 ዓ.ም. ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራዎች ለማንም አሳታሚ ክፍት ናቸው፤ በ1996 ዓ.ም. ያረፉት የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች ግን እስከ 2046 ዓ.ም. ገደማ የወራሾቻቸው ናቸው። የባለቤቷ እምቢታ ደንበኛ ያሳጣቸዋል፤ ደንበኛው ወጥቶ ጥቂት እርምጃ ርቆ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል። እኔ ግን እምቢታውን ከሕግ አንጻር ብቻ አላየውም። በአደራ መጽሐፋቸውን የሚያስቀምጡት ደራሲዎች ይህን መደብር የሚያምኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

መጽሐፍ በኪራይ

ለአንዳንድ ጠያቂ ደግሞ ችግሩ የመጽሐፉ አለመኖር ሳይሆን ዋጋው መሆኑን ባለቤቷ የተረዱት ከኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡድን ሠርተው ይመጣሉ፣ መጻሕፍቱን ያገላብጣሉ፣ ዋጋውን ያያሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ። አንድ አዲስ ልቦለድ ከወር ደመወዛቸው የሚወስደው ድርሻ ከባድ ነው። ባለቤቷ መፍትሔውን ከሩቅ አላመጡም፤ ቀድሞ በየከተማው መጽሐፍ ማከራየት የታወቀ ሥራ ነበር። የመጽሐፉን ሙሉ ዋጋ መያዣ ማስያዝ፣ አንብቦ ሲመልሱ ትንሽ የኪራይ ገንዘብ ተቀንሶ ቀሪውን መቀበል ነው። ያንኑ ሥርዓት መለሱት። ለኪራይ የተመደቡት ቅጂዎች በፕላስቲክ ተሸፍነዋል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስም ሳይሆን የመመለሻ ቀን ብቻ ይጻፍባቸዋል።

በነበርኩበት እሑድ ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ መጽሐፍ ይዘው ባንኮኒው ጋ ቀረቡ። መያዣውን እኩል አዋጥተዋል።

«እትዬ፣ እኔ የቀን ሺፍት ነኝ፣ እሷ የማታ ናት። ለሁለት ሳምንት ቢሰጡን አይሆንም?»

«ለአንድ ሰው አንድ ሳምንት ነው ሕጉ» አሉ ባለቤቷ፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግ ብለው፣ «ሁለት ናችሁ፣ ስለዚህ ሁለት ሳምንት» ብለው ቀኑን ጻፉት።

ገንዘቡን በተመለከተ ኪራዩ ከተጠበቀው በላይ ሠርቷል። አንድ ቅጂ ብዙ ጊዜ ከተከራየ በኋላ የተገዛበትን ዋጋ ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወደ አሮጌ መጻሕፍቱ ካርቶን ወርዶ ይሸጣል። «አምስት ውሰዱ» የሚለው የአከፋፋዮች ግዴታም ቀለል ብሏል፤ ከአምስቱ ሁለቱ ለኪራይ፣ ሦስቱ ለሽያጭ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ በዚህ ሥርዓት ላይ አንድ ያልተፈታ ጉዳይ አለ። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ሥራን በሽያጭ ወይም በኪራይ ለሕዝብ ማሰራጨትን ከደራሲው የኢኮኖሚ መብቶች መካከል ይቆጥራል። የአገሩ ልማድ ይህን ልብ ብሎት አያውቅም፤ አከራዮችም ሆኑ ደራሲዎች ሲከራከሩበት አልሰማሁም። ፎቶ ኮፒን በሕግ ስም እምቢ ያለ መደብር ግን በኪራዩም ላይ ቢያንስ የሕያዋን ደራሲዎችን ፈቃድ መጠየቅ ይጠበቅበታል። ይህን ለባለቤቷ ስነግራቸው በአደራ የሚያስቀምጡትን ደራሲዎች አስፈርመው እንደሚጀምሩ ነገሩኝ፤ የሌሎቹን እንዴት እንደሚያደርጉ ግን ገና አላወቁም።

የጎደለው

መደብሩ በሲዳምኛ መጻሕፍት ረገድ ደካማ ነው። ቋንቋው የክልሉ የሥራ ቋንቋና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ በመደርደሪያው ላይ ያለው አንድ አጭር ረድፍ ሲሆን እርሱም በአብዛኛው ከክፍል ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። በደብተሩ ውስጥ ደግሞ ለልጆች የሚሆን የሲዳምኛ ተረት መጽሐፍ የጠየቁ ወላጆች በተደጋጋሚ ይገኛሉ። ባለቤቷ ምክንያቱን ለአቅርቦቱ ይሰጣሉ፤ እውነት አለው፣ ሆኖም የአዲስ አበባ አከፋፋይ ሊያመጣው የማይችለው መጽሐፍ የሚገኘው እዚያው ሐዋሳ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው፣ በመምህራን ትምህርት ኮሌጁና በክልሉ ባህል ቢሮ በኩል የሚዘጋጁ ሥራዎችን በእግር ሄዶ መጠየቅ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ከማዘዝ ይቀላል። በዚህ ነጥብ ላይ መደብሩ ዓይኑን ከሚገባው በላይ ወደ ሰሜን አድርጓል ብዬ አምናለሁ። የልጆች መጻሕፍት ክፍሉም እንዲሁ ነው፤ ያሉት በቀጭን ወረቀት የታተሙና ሥዕላቸው የደበዘዘ ሲሆኑ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ በመቀመጣቸው ልጅ እጁ አይደርስባቸውም። መደርደሪያውን ዝቅ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሒሳብ አያያዙ በእጅ ነው። ደብተሩ ለጥያቄዎቹ ቢበቃም፣ የትኛው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ የሚያሳይ መዝገብ ባለመኖሩ ገንዘቡ የት እንደታሰረ የሚታወቀው በግምት ነው።

የጋራ ትዕዛዝ

ባለቤቷ አሁን የያዙት ሙከራ ከሁሉም በላይ ትኩረቴን ስቧል። ወደ ሐዋሳ የሚመጣው አውቶቡስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ በሻሸመኔ ያልፋል፤ መንገዱ ከሐዋሳ ወዲያም ወደ ዲላ ይቀጥላል። በሁለቱም ከተሞች ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው መጽሐፍ ሻጮች አሉ። ሦስቱ ትዕዛዛቸውን አንድ ላይ ካደረጉ «ቢያንስ አምስት» የሚለው ግዴታ ለሦስት ይከፈላል፤ በሐዋሳ ያልተሸጠው ዲላ ሊሸጥ ይችላል፤ የጥያቄ ደብተራቸውንም በየሳምንቱ በስልክ ፎቶ አንስተው መላላክ ጀምረዋል። በዚህ መንገድ አንድ ቅጂ ብቻ የሚፈልግ የሐዋሳ ጠያቂ ከሻሸመኔ ካርቶን ውስጥ መጽሐፉን ያገኘበት አጋጣሚ በደብተሩ ላይ «ከሻሸ መጣ» ተብሎ ሰፍሮ አይቻለሁ።

ሦስቱ ሻጮች በጋራ ለአንድ አከፋፋይ ያቀረቡት ጥያቄ፣ ትዕዛዙ ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ ያልተሸጠውን ከፊሉን መመለስ እንዲፈቀድላቸው ነው። አከፋፋዩ በመርህ ደረጃ ተስማምቶ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አስቀምጧል፦ የሚመለሰው መጽሐፍ ያልተጻፈበትና ያልተለጠፈበት መሆን አለበት፣ የመልስ ጉዞውንም ወጪ የሚሸፍኑት ሻጮቹ ናቸው። ሁለተኛውን ተቀብለዋል። በመጀመሪያው ላይ ንግግሩ አልተቋጨም፤ ለደንበኛው በግልጽ እንዲታይ በእርሳስ የሚጻፈው አዲስ ዋጋ በአከፋፋዩ ዓይን «የተጻፈበት» መጽሐፍ ያሰኛል። ባለቤቷ ዋጋውን በመጽሐፉ ውስጥ በሚገባ ተነቃይ ወረቀት ላይ ለማድረግ ሐሳብ አቅርበው መልስ እየጠበቁ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የጋራ ትዕዛዝ የታሰበው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ነው።